ያኔ ሙዚቃ ነበረ እንዴ?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲጫወት ከኋላው የነበረው ባንድ ማን ይባላል? አይቤክስ ባንድ። ያወቃችሁ እሰየው፤ ያላወቃችሁም አይፈረድባችሁም። እኛ አገር ዘፈን የዘፋኙ ነው። ቤዝ የመታው፣ ትራምፔት የነፋው፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ ያቀናበረው ሰው ስሙ የካሴቱ ልባስ ላይ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈለት ትልቅ ነገር ነው። አሁን ደግሞ ካሴቱም የለም። ስልካችን ላይ የሚታየው አንድ ፎቶና አንድ ስም ነው፤ እሱም የዘፋኙ።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ግን ዘፋኝ ስለሌለው ሙዚቃ ነው።

ዋልያስ ባንድን በስሙ ያወቅኩት 40 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ሌላ ነገር ልሰማ ዩቲዩብ ከፍቼ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ስልኩ በራሱ ጊዜ ወደሚቀጥለው አለፈ። መጀመሪያ ድራምና ቤዙ ገቡ፣ ከዚያ ትራምፔትና ሳክስፎኑ በአንድ አፍ ተነሱ። እጄ ላይ አረፋ እንዳለ ቆምኩ። ይህን ዜማ እኮ አውቀዋለሁ! ልጅ ሆኜ ቤታችን በነበረው ሬዲዮ፣ አንዱ ፕሮግራም አልቆ ሌላው እስኪጀምር ሰዓት ለመሙላት የሚለቀቀው «ክላሲካል» ነው።

በነገራችን ላይ እኛ ጋ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» ነው። ሞዛርትም ክላሲካል፣ የሰርግ ዜማ በኦርጋን ሲመታም ክላሲካል። ስምም ደራሲም አይጠየቅለትም። ዜና እስኪደርስ ይሰማል፣ ዜናው ሲደርስ ይቋረጣል። እኔ ይህን ዜማ ለዓመታት እየተቋረጠ ነው የሰማሁት። እስከ መጨረሻው የሰማሁት ያን ቀን፣ እጄን ሳልታጠብ ነው። ርዕሱን ሳየው «ሙዚቃዊ ስልት» ይላል። የዜማው ደራሲ ግርማ በየነ፣ ባንዱ ዋልያስ።

ከዚያ ፍለጋ ጀመርኩ። («ዋልያስ» ብላችሁ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ብሔራዊ ቡድናችን ነው፣ ቀጥሎ ቢራው። «ባንድ» የምትለዋን ቃል አትርሱ።) ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ግርማ በየነ ፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንና ዋሽንት፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ መላከ ገብሬ ቤዝ ጊታር፣ ማህሙድ አማን ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ ድራም። ስማቸውን አንድ በአንድ የጻፍኩት ሆነ ብዬ ነው። አዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት የተጫወቱት እነዚህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን፣ ከዳር እስከ ዳር በመሣሪያ ብቻ የተሠራውን አልበም በሸክላ አወጡ። እዚህ አልበም ላይ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን አብሯቸው ተጫውቷል።

ሙዚቃው ምን ይመስላል ብትሉኝ፣ ከታች በኩል ያለው ድራምና ቤዝ የአሜሪካን ፈንክ በደንብ የሰማ ሰው እጅ ነው። ከላይ ያለው ዜማ ግን በእኛ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት የሚሄድ ነው፤ አያቶቻችን ቢሰሙት «ይሄ የኛ ነው» የሚሉት ዓይነት። መሐል ላይ ኦርጋኑ አለ። ኃይሉ ኦርጋኑን እንደ ድምፃዊ ነው የሚያስዘፍነው፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይጎትተዋል፣ ትንፋሽ የሚወስድ እስኪመስል ያቆመዋል። ዘፋኝ የሌለ አይመስላችሁም።

በቃ፣ ለሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አልሰማሁም። ታክሲ ውስጥ ቼ በለው፣ ቢሮ ቼ በለው።

አንድ እሁድ ከሰዓት እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለናል። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አልበሙን ከፈትኩት። እማዬ 70 ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። ዝም ብላ አዳመጠችና፣

«ይሄ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አለችኝ።

«በፈረንጅ 1977። በእኛ 69 ወይ 70» አልኳት።

ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ያኔ ሙዚቃ ነበረ እንዴ?»

እያሾፈች አልነበረም። በእሷ ቤት 1970 ዓ.ም. ሌላ ነገር ነው። ታላቅ ወንድሟ በዚያ ዓመት አንድ ጠዋት ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። የቀይ ሽብር ጊዜ ነው። አስከሬን አልተሰጣቸውም። ልቅሶ መቀመጥም የሚያስጠረጥር ስለነበር አያቴ ልጇን ጮክ ብላ አላለቀሰችውም። ይህን ታሪክ በጥቂቱ አውቀው ነበር፤ እቤት ውስጥ በጥቂቱ ነው የሚነገረው። ያን ቀን ግን እማዬ ጨመረችልኝ።

«ሆቴል ገብተው የሚጨፍሩ ነበሩ ይባል ነበር። እኛ መብራት አጥፍተን የመኪና ድምፅ ነበር የምናዳምጠው።»

ሙዚቃውን ዘጋሁት። እሷ ዝጋው አላለችኝም፤ እኔው ነኝ የዘጋሁት።

ወጣቶች፣ ይህን የምነግራችሁ ደስታችሁን ላበላሽ አይደለም። «ወርቃማው ዘመን» የሚለውን ነገር ሁላችንም እንወደዋለን። በቲክቶክ የድሮ አዲስ አበባ ፎቶ፣ ቤልቦተም ሱሪ፣ አፍሮ ፀጉር፣ ከጀርባው የዋልያስ ወይ የሙላቱ ሙዚቃ። ያምራል። ግን ፎቶው ላይ የማይታየው ሰዓቱ ነው። በዚያን ጊዜ ከተማው የሰዓት እላፊ ነበረበት። ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት በሕይወት መጫወት ነበር። ስለዚህ ምሽት ቤት የገባ ሰው እላፊው ከጀመረ ወጥቶ ቤቱ መሄድ አይችልም፤ እስኪነጋ እዚያው ነው። ባንዱም እዚያው ነው። ሰውም ይጨፍራል፣ ባንዱም ይጫወታል፣ እስኪነጋ። የዋልያስ ሙዚቃ ያ የማያልቅ የሚመስል ጉልበት፣ ያ አንድን ዜማ እየደጋገሙ የመፍተል ችሎታ፣ ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ግድ ከሆነበት ሥራ ጋር ሳይገናኝ አይቀርም።

እማዬ መብራት አጥፍታ የመኪና ድምፅ የምታዳምጥበት ሌሊትና ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን የሚጫወትበት ሌሊት አንድ ሌሊት ነው። የዘጋባቸውም ያው አንድ እላፊ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሙዚቃውን ትቼዋለሁ? አልተውኩትም። ግን እንደ በፊቱ አልሰማውም። ጭፈራው ውስጥ የተቆለፈ በር ይታየኛል።

ሌላም ነገር አለ። በደርግ ጊዜ የዘፈን ግጥም በሳንሱር ያልፍ ነበር። ቃል ይመረመራል፣ ይሰረዛል። ትራምፔትን ግን ምን ብለህ ትሰርዘዋለህ? ዘፋኝ የሌለበት አልበም መሥራት ፖለቲካ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ሰዎቹ ሙዚቀኞች ነበሩ፣ ሙዚቃ ሠሩ። ነገር ግን ቃል ሁሉ በተፈራበት ዘመን ቃል የሌለው ነገር ሰው የሚተነፍስበት ቦታ ማግኘቱ አይገርምም።

ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ? እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ከማህሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ። ዮሐንስና ተማረ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዋልያስ የምንለው ነገር በአንድ አውሮፕላን ሄዶ በግማሽ ተመለሰ ማለት ነው። ስንት ቤተሰብ በዚያ ዘመን እንዲሁ አልሆነም?

ግርማ በየነ፣ ያን ዜማ የደረሰው ሰው፣ ዋሽንግተን ውስጥ ነዳጅ ማደያ ሠራ። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርዶችን ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ቀዳ፤ ከዚያ ታክሲ ነጂ ሆነ። ኪቦርዱን ግን አልተወውም። መኪናው ኋላ ጭኖት ይዞር ነበር፤ ኤርፖርት ተራ እስኪደርሰው ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተሳፋሪ የሚነዳው ማን እንደሆነ ምን ያውቃል?

የዞረው እንዲህ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ የድሮ ሸክላዎቻችንን በሲዲ ማሳተም ያዘ፤ «ሙዚቃዊ ስልት»ም በዚያው ወደ ዓለም ወጣ። ቀጥሎ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ያን የ1985ቱን የኃይሉን ካሴት አገኘ። ሰውየውን ፈልጎ ደወለለት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። በዓመቱ «ቼ በለው» ተከተለ። ኃይሉም አውሮፓና አሜሪካ መድረክ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም ሠራ። ግርማም በ2017 «አካሌ ውቤ» ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር የራሱን አልበም አወጣ።

እዚህ ላይ ደስም ይላል፣ ቅርም ይላል። ካሴቱ ባሕር ዳር ነበር እኮ። እዚሁ፣ በእኛው ሱቅ መደርደሪያ። ያገኘውና «ይህ ሰው የት ነው ያለው?» ብሎ የጠየቀው ግን ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። እኛ «ክላሲካል» ብለን አልፈነዋል።

ከእሁዱ ቡና ወር ያህል ቆይቶ እማዬ ራሷ፣ «ያን ክላሲካል ክፈተው እስቲ» አለችኝ። ደነገጥኩ። ከፈትኩላት። ሽንኩርት እየከተፈች አንዱን ዜማ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ወደድሽው?» አልኳት።

«ቃል የለውማ» አለች። «ቃል ቢኖረው አልችለውም ነበር።»

ከዚያ ሳልጠይቃት ስለ ወንድሟ አወራች። ስለ ሞቱ አይደለም። ትምህርት ቤት ስለሚለብሰው ሹራብ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ስለመሸፈኑ፣ ስለ ስስቱ። አጎቴን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ለእኔ ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ ነበር።

ይህን ሙዚቃ በ20 ዓመቴ ባገኘው እጨፍርበት ነበር፤ ያም ጥሩ ነው። በ40ዎቹ ሳገኘው ግን ከሙዚቃው ጋር ጥያቄ አብሮ መጣ፤ ጥያቄውን የሚመልስልኝ ሰው ደግሞ ገና በሕይወት አለ። እናንተ በእኔ ዕድሜ ስትደርሱ ያን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው ማግኘት ከባድ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ «ቼ በለው»ን ፈልጉና ከስልኩ ድምፅ ማውጫ ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ የስልክ ድምፅ ማውጫ ቤዙን ይበላዋል። መጀመሪያ ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ሁለተኛ ስትሰሙት ኦርጋኑን። ሦስተኛ ላይ እቤት ውስጥ ካለ ትልቅ ሰው አጠገብ ክፈቱትና የወጣበትን ዓመት ንገሩት። ከዚያ ዝም በሉ፤ እሱ ያውራ። ምናልባት ስለ ጭፈራ ይነግራችኋል፣ ምናልባት ስለ ተቆለፈ በር። ምናልባትም «ዝጋው» ይላችኋል። ዝጉት። በሌላ ቀን ራሱ «ክፈተው» ሊላችሁ ይችላል።

ቸር እንሰንብት!