አስቸኳይ ጥገና በጠፈር ላይ

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ጥገና ነው። ጥገና ሲባል የጣሪያ ቆርቆሮ መምታት ወይም የውሃ ቧንቧ መቀጠል ይታያችሁ ይሆናል። ይህኛው ግን ከመሬት በላይ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተሠራ ነው። የተበላሸው ፓምፕ ነው። ፓምፑ ያለው ከቤቱ ውጭ ነው። ከቤቱ ውጭ ደግሞ የሚተነፈስ አየር የለም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? «መፍቻ ይዞ ወጥቶ መቀየር ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ መጨረሻው እሱው ነው። ነገር ግን ጉዳዩ አስቸኳይ ሆኖ ሳለ፣ ሰዎቹ በሩን ከፍተው የወጡት ፓምፑ ከተበላሸ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እነዚያ 10 ቀኖች በምን እንዳለፉ ነው ዛሬ የምንነግራችሁ።

አስቀድመን ቤቱን እንወቀው። ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ይባላል። አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ጃፓን፣ ካናዳና የአውሮፓ አገሮች ክፍል በክፍል እያመጠቁ፣ እዚያው ላይ እየገጣጠሙ የሠሩት ነው። ከጥቅምት 1993 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው ተለይቶት አያውቅም። ጣቢያው አንድ ቦታ አይቆምም። በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል መሬትን አንድ ጊዜ ይዞራል። እናንተ ቡና አፍልታችሁ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ እስኪያልቅ፣ እሱ ዓለምን ዞሮ ይመለሳል ማለት ነው።

በዚህ ቤት ከባዱ ችግር ብርድ ብቻ ይመስላችኋል? አይደለም፤ ሙቀትም ነው። ፔርሙዝ ታውቃላችሁ። ሻይ በፔርሙዝ ውስጥ ቶሎ የማይቀዘቅዘው ለምንድን ነው? በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል አየር ስለሌለ ነው። ሙቀቱን ተቀብሎ የሚወስድ ነገር የለም። ጣቢያውም ዙሪያውን አየር ስለሌለው በፔርሙዝ ውስጥ እንዳለ ሻይ ነው። በውስጡ ያሉት መሣሪያዎች ይግላሉ፤ የሰዎቹም ገላ ሙቀት ይሰጣል። ነፋስ መጥቶ አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ ሙቀቱ በቧንቧ መውጣት አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በውስጥ በኩል ውሃ በቧንቧ እየዞረ ሙቀቱን ይሰበስባል። ከዚያ ሙቀቱን በውጭ በኩል በሌላ ቧንቧ ለሚዞር አሞኒያ ለተባለ ነገር ያስረክባል። አሞኒያው ደግሞ ወደ ትልልቅ ሰሌዳዎች ወስዶ ወደ ጠፈር ይለቀዋል። ውጭም ውሃ ለምን አልተደረገም? በጥላው በኩል ብርዱ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ውሃ እዚያ በረዶ ይሆናል። አሞኒያ ግን ከዜሮ በታች 77 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አይረጋም። ዩሪያ ማዳበሪያን የምታውቁ ገበሬዎች፣ ዩሪያ የሚሠራው ከዚሁ ከአሞኒያ ነው። ነገር ግን አሞኒያ ራሱ ሲተነፍሱት የሚያንቅ፣ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ነገር ነው። ቤት ውስጥ እንዲገባ አይፈለግም።

የውጭው ቧንቧ ሁለት መስመር አለው። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ፓምፕ አለው። በፓምፑ ውስጥ ቫልቭ የሚባል መክፈቻና መዝጊያ ተቀምጧል። ገላ ስትታጠቡ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ እንደምታመጣጥኑ ሁሉ፣ እሱም ሞቃቱንና ቀዝቃዛውን አሞኒያ ያመጣጥናል።

ታኅሣሥ 2 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 11 ቀን 2013፣ ከሁለቱ የአንደኛው ቫልቭ እንቢ አለ። አሞኒያው ከሚገባው በላይ ቀዘቀዘ። ይህ ለምን ያስፈራል? አሞኒያውና የውስጡ ውሃ ጎን ለጎን የሚያልፉበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ውሃው በረዶ ከሆነ ይሰፋል። ሲሰፋ የመለያያውን ግድግዳ ሊሰነጥቀው ይችላል። ያን ጊዜ አሞኒያ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። ስለዚህ መስመሩ ራሱን በራሱ አጠፋ።

ግማሹ ማቀዝቀዣ ቆመ። በጣቢያው የነበሩት 6 ሰዎች ወዲያው አደጋ ላይ አልወደቁም። ብዙ መሣሪያዎችን አጠፉ፤ አንዳንዱን ወደ ደህናው መስመር አዛወሩ። ምርምሩም ቀዘቀዘ። ነገር ግን ሁለተኛው መስመር ቢቆምስ? ሌላ ሦስተኛ የለም። አስቸኳይ ያሰኘው ይህ ነው።

በመሬት ላይ ያሉት መሐንዲሶች መጀመሪያ የሞከሩት ማንም ሰው ሳይወጣ ችግሩን መፍታት ነው። ከሩቅ ሆነው በሬዲዮ ትእዛዝ እየሰጡ፣ በሌላ ቫልቭ ቅዝቃዜውን ለመቆጣጠር ለቀናት ደከሙ። አልሆነም። ታኅሣሥ 8 ቀን «ይወጣ!» ተባለ። እነዚያ ቀኖች ግን በከንቱ አላለፉም። አንዱ ወገን ቫልቩን ሲሞክር፣ ሌላው ወገን «ካልተሳካ» ብሎ የመውጫውን ዝግጅት ጀምሮ ነበር። እኔ በበኩሌ ከነገሩ ሁሉ የምወድላቸው ይህንን ነው።

እንዲወጡ የተመረጡት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ሪክ ማስትራኪዮ እና ማይክ ሆፕኪንስ። ስሞቹ ለአፍ ያስቸግራሉ። ቀስ ብላችሁ ፊደል በፊደል አንብቧቸው፤ ማ-ስት-ራ-ኪ-ዮ። እሱ ከዚያ በፊት 6 ጊዜ ወጥቶ ያውቃል። ሆፕኪንስ ግን አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስባቸው ልብሱ ነበር። ለምን ቢባል፣ 5 ወር ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሉካ ፓርሚታኖ የተባለ ኢጣሊያዊ ጠፈርተኛ ውጭ ሆኖ ሲሠራ ጭንቅላቱ ላይ እርጥበት ተሰማው። የጠፈር ልብስ ገላን የሚያቀዘቅዝ ውሃ በቀጫጭን ቱቦዎች ይዞ ይዞራል። በልብሱ ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ስለተደፈነ ያ ውሃ ወደ ራስ ቁሩ ገባ። መሬት ላይ ቢሆን ውሃው ወደ ታች ይፈስ ነበር። እዚያ ግን ታች የሚባል ነገር የለም። ውሃው ፊት ላይ ይለጠፋል። በእጅ እንዳይጠርጉት የራስ ቁሩ መስታወት አለ። ፓርሚታኖ ዓይኑንና አፍንጫውን ውሃ ሸፈነው፤ የሬዲዮውንም ድምፅ በደንብ መስማት አቃተው። የታሰረበትን የደኅንነት ገመድ ተከትሎ በዳበሳ ወደ በሩ ተመለሰ። ጓደኛው ክሪስ ካሲዲም ተከትሎት ገባ። የራስ ቁሩ ሲወልቅ ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ነበረበት። አስቡት እንግዲህ፤ ሰው በጠፈር ላይ በውሃ ሊሰጥም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ዓይነት ልብስ የሚደረግ መውጣት፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ቆሞ ነበር። አሁን ግን ፓምፑ ግድ አለ። ስለዚህ ሁለት ነገር ተዘጋጀ። አንደኛው ከራስ ቁሩ በስተኋላ የሚለጠፍ ውሃ የሚመጥ ንጣፍ ነው። ጠፈርተኛው በየጊዜው ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጫን እያደረገ ንጣፉ መራስ አለመራሱን ያያል። ሁለተኛው ቀላል የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ጫፉ በአፍ አጠገብ፣ ሌላው ጫፍ ወደ ሆድ በኩል ይቀመጣል። ውሃ ፊት ላይ ቢመጣ፣ ከታች ካለው አየር በቱቦው እየተነፈሱ እስከ በሩ ይደርሳሉ። ቱቦውን እዚያው ጣቢያው ላይ ቆርጠው፣ በሚለጠፍ ጨርቅ አያይዘው ነው የሠሩት። በብዙ ገንዘብ በተሠራ ልብስ ውስጥ ሕይወት የሚያተርፈው እንዲህ ያለ ተራ ነገር ሆነ።

ልብስ ከተስተካከለ በኋላስ ይወጣል? ገና ነው። የገላ ዝግጅት አለ። የለስላሳ ጠርሙስ ስትከፍቱ ምን ይሆናል? ክዳኑ ሲነሣ ተጭኖ የነበረው ጋዝ አረፋ ሆኖ ይወጣል። በሰው ደም ውስጥም እንዲሁ ናይትሮጅን የሚባል ጋዝ ሟሟቶ አለ። የምንተነፍሰው አየር ከ100 እጁ 78 ያህሉ ናይትሮጅን ነው። በጣቢያው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እንደ መሬት ነው። በጠፈር ልብስ ውስጥ ያለው ግን የዚያ ሲሶ ያህል ነው። ግፊቱ ሙሉ ቢሆን ልብሱ እንደ ተነፋ የመኪና ጎማ ከርሮ፣ ክንድና ጣት አይታጠፍም ነበር። ታዲያ ሰው ድንገት ወደ ዝቅተኛው ግፊት ቢገባ፣ ደሙ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ያወጣል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ቢያርፍ ብርቱ ሕመም ነው፤ ወደ አንጎል ወይም ወደ ሳንባ ቢሄድ ይገድላል።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ንጹሕ ኦክሲጅን እየተነፈሱ ናይትሮጅኑን ቀስ በቀስ ከገላ ማስወጣት ያስፈልጋል። ልብሱን ለብሰውም እግራቸውን ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሳሉ፤ ደም ሲዘዋወር ናይትሮጅኑ ቶሎ ይወጣልና። ይህ ብቻ ሰዓታት ይወስዳል። ማንም ቢጣደፍ፣ ፓምፕ ቢቃጠልም፣ ይህ አይዘለልም። ከዚያ ሁለት በር ባለው ትንሽ ክፍል ውስጥ ሆነው የውስጡን በር ይዘጋሉ፤ አየሩ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የውጭው በር ይከፈታል።

መሬት ላይ ያሉትም ሥራ አልፈቱም። በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ 62 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ጥልቀት ያለው የውሃ ገንዳ አለ። በውስጡ የጣቢያው ክፍሎች አምሳያ ተቀምጧል። ውሃ ክብደትን ስለሚያቀልል፣ የጥገናው እርምጃ አስቀድሞ እዚያ ይለመዳል። ደግሞም ይህ ዓይነት ፓምፕ ሲበላሽ የመጀመሪያው አልነበረም። በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ያንኑ መሰል ፓምፕ ተቃጥሎ፣ ዳግ ዊሎክ እና ትሬሲ ኮልድዌል ዳይሰን በነሐሴ ወር ሦስት ጊዜ ወጥተው ቀይረውታል። አንደኛው ቧንቧ አልፈታ ብሎ ብዙ አስቸግሯቸው ነበር። በ2006 ዓ.ም. ዊሎክ መሬት ላይ በሬዲዮው አጠገብ ተቀምጦ፣ ለሁለቱ ሰዎች ተራ በተራ የሚሠራውን ይነግራቸው ነበር። ሥራውን በእጁ የሠራ ሰው ሲመራ ልዩ ነው።

ታኅሣሥ 12 ቀን ወጡ። ማስትራኪዮና ሆፕኪንስ የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ነቀሉ፤ የአሞኒያውን ቧንቧዎች ፈቱ። ቧንቧው በዚህ ጊዜ ብዙ አላስቸገረም። ለመጀመሪያው ቀን ከታሰበው አልፈው አሮጌውን ፓምፕ አወጡት። ፓምፑ መሬት ላይ 354 ኪሎ፣ ማለትም ሦስት ኩንታል ተኩል ይመዝናል። እዚያ ላይ አይከብድም። ነገር ግን እንደ ተጫነ ጋሪ ነው፤ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ማቆሙ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ቀስ፣ ቀስ! ማስትራኪዮ የእግሩ ጣቶች በብርድ እንደተያዙ ነገራቸው። ሥራውም ጥሩ ማቆሚያ ላይ ደርሶ ስለነበር ከ5 ሰዓት ከ28 ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። የራስ ቁራቸው ደረቅ ነበር።

ሁለተኛው መውጫ ለታኅሣሥ 14 ታስቦ ነበር። ነገር ግን ማስትራኪዮ ሲመለስ በትንሿ ክፍል ውስጥ፣ ወደ ልብሱ ማቀዝቀዣ ውሃ ሳይገባ አልቀረም ተብሎ ተጠረጠረ። የፓርሚታኖ ዓይነት ችግር አልነበረም። ቢሆንም ልብሱ ይድረቅ ተባለና መጠባበቂያው ልብስ ወጣ። የጠፈር ልብስ ደረቱ፣ ክንዱ፣ እግሩ ለየብቻ ነው፤ በሰውየው ልክ ይገጣጠማል። ለዚህ አንድ ቀን ተጨመረ።

ታኅሣሥ 15 ቀን፣ ለፈረንጆቹ የገና ዋዜማ፣ እንደገና ወጡ። ሆፕኪንስ አዲሱን ፓምፕ በሁለት እጁ ይዞ 17 ሜትር ከሚረዝመው የብረት ክንድ ጫፍ ላይ እግሩን አጥብቆ ቆመ። ክንዱን ከውስጥ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ጃፓናዊው ኮይቺ ዋካታ ነው። ፓምፑን ከቦታው አስገቡ፤ ብሎኖቹን አጠበቁ፤ ገመዶቹን ሰኩ። አንድ ቧንቧ ላይ መጋጠሚያው ታገላቸውና አሞኒያ እንደ በረዶ ብናኝ ሆኖ ቦግ ብሎ ወጣ፤ ልብሳቸውንም ነካው። አሞኒያ የነካው ልብስ ዝም ብሎ ወደ ቤት አይገባም፤ ተንኖ መጥፋት አለበት። 7 ሰዓት ተኩል ውጭ ቆይተው ገቡ። ፓምፑ ተነሣ፤ አሞኒያውም መዞር ጀመረ። ለሦስተኛ ጊዜ የታሰበው መውጫ ቀረ።

የተበላሸው ፓምፕስ የት ገባ? ውጭ ለጊዜው ታስሮ ከረመ። መስከረም 27 ቀን 2007 ዓ.ም. ሪድ ዋይዝማን የተባለ አሜሪካዊና አሌክሳንደር ገርስት የተባለ ጀርመናዊ ያንኑ ልብስ፣ ያንኑ ኦክሲጅን፣ ያንኑ ጥበቃ አልፈው ወጡና ወደ ቋሚ ማስቀመጫው ወስደው አሰሩት። እሱም 6 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ፈጀ።