የፎርድ ሃይብሪድ የቶዮታ ልጅ ነው?

በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሠራ ሃይብሪድ መኪና ባለበት ሁሉ የማይሞት ወሬ አለ፦ «የፎርዱ እኮ የቶዮታ ነው፤ ገዝተውት ነው።» ወሬው ከመሬት አልተነሣም። ግን እውነት አይደለም። «እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ሠራ» የሚለውም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም።

የቶዮታዋ ፕሪየስ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው በታኅሣሥ 1997 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። አሜሪካ ግን የቀደመችው የሆንዳዋ ኢንሳይት ነበረች፤ በ1999 መጨረሻ ገባች። የሁለቱ ሥራ ለየቅል ነው። ሆንዳ በነዳጅ ሞተሩና በካምቢዮው መካከል ቀጭን የኤሌክትሪክ ሞተር ሰካ፤ ዳገት ሲመጣ ያግዛል፣ ፍሬን ሲያዝ ባትሪ ይሞላል። ቶዮታ የመረጠው መንገድ ከዚህ ይጠልቃል። በአንዲት ማዕከላዊ ጥርስ ዙሪያ ሌሎች ጥርሶች የሚሽከረከሩበት ማርሽ አለ፤ ጥርሶቹ ፀሐይንና ፕላኔቶችን ስለሚመስሉ ፕላኔታሪ ይሉታል። የነዳጅ ሞተሩ ጉልበት እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል፦ ከፊሉ በቀጥታ ወደ ጎማ፣ ከፊሉ ወደ ጄኔሬተር። ሾፌሩ ማርሽ መቀየር የለበትም፤ ፍጥነቱን የሚያመጣጥነው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።

ፎርድ በ2004 ኤስኬፕ ሃይብሪድን ሲያወጣ ውስጡ የተገኘው ይኸው ዓይነት አከፋፈል ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ ሁለቱ ኩባንያዎች የፓተንት (የፈጠራ መብት) ስምምነት ማድረጋቸው ተነገረ። ለወሬው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?

ስምምነቱ ግን ሽያጭ አልነበረም። ፎርድ ሥርዓቱን በራሱ መሐንዲሶች ሲሠራ አንዳንዱ ሐሳብ ቶዮታ ቀድሞ ያስመዘገበውን ነካ። ፎርድ ወደ 20 በሚሆኑ ፓተንቶች የመጠቀም ፈቃድ አገኘ፤ በምላሹ ከሞተርና ከጭስ ጋር የተያያዙ የራሱን ፓተንቶች ለቶዮታ ፈቀደ። ድንበር ላይ ከመካሰስ ተቀምጠው መተላለፊያ እንደተሰጣጡ ጎረቤታሞች ቁጠሯቸው። በእርግጥ የገዛው ኒሳን ነበር። በ2002 ተስማምቶ የቶዮታን ሥርዓት አልቲማ በተባለች መኪናው ውስጥ ገጠመ፤ ካሊፎርኒያንና ጥቂት ግዛቶችን ሳያልፍ በ2011 ቆመ። ማዝዳም በ2013 ጃፓን ውስጥ እንዲሁ አደረገ። እነዚህ ሁለቱ ሲገዙ ማንም አላንሾካሾከም፤ የታማው ያልገዛው ነው።

ለሐሜቱ የተሻለ ማስረጃ ያለው መለዋወጫ አምራቾቹ ጋ ነው። የኤስኬፕን ካምቢዮ ያመረተው አይሲን፣ የቶዮታ ቤተሰብ የሆነ ኩባንያ ነው። ባትሪውን ያቀረበው ሳንዮ ነበር፤ የፕሪየስን ባትሪ የሚያመርተው ደግሞ ቶዮታና ፓናሶኒክ በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት። በ2009 መጨረሻ ፓናሶኒክ ሳንዮን ጠቀለለው። ባለሱቆቹ ተፎካካሪ ናቸው፣ ማድ ቤቱ ግን ግድግዳው ስስ ነው። ያም ሆኖ የነዳጅ ሞተሩ መቼ ይነሣ፣ መቼ ይጥፋ፣ ባትሪው ምን ያህል ይለቅ የሚለውን በየቅጽበቱ የሚወስነው ሶፍትዌር ነው። እኔን ከጠየቃችሁ፣ የመኪናው ባለቤትነት የሚለየው ከብረቱ ይልቅ እዚህ ነው።

ቶዮታስ ብቻውን ፈጠረው? በ1971 ቲአርደብሊው የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ መሐንዲሶች በፕላኔታሪ ማርሽ ጉልበት የሚከፍል ሥርዓት ፓተንት አግኝተው ነበር። ፕሪየስ ስትወለድ የፓተንቱ ዘመን አልፎ ነበር። ከሶቪየት ኅብረት ወደ አሜሪካ የሄደው አሌክስ ሴቨሪንስኪ ደግሞ የሃይብሪድ ፓተንቱን በ1994 አገኘ፤ ኩባንያው ፔይስ በ2004 ቶዮታን ከሰሰ። በ2005 መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ ጁሪው ፕሪየስንና ሌሎች ሁለት መኪኖችን ጥፋተኛ አደረገ፣ 4.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረደ። አስገራሚው ምክንያቱ ነው፦ የቶዮታ ሥራ ከፓተንቱ ጋር ቃል በቃል አንድ ባይሆንም አቻው ነው ተባለ። ዳኛው ሽያጩን አላገዱም፤ በየመኪናው እንዲከፈል አዘዙ። ነገሩ በ2010 በስምምነት ተዘጋ። በሕግ ዓይን ሳይቀዱም መመሳሰል ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

ወደ ፎርድና ቶዮታ ስንመለስ፣ ሁለቱ በ2011 ለፒክአፕና ለትላልቅ መኪኖች ሃይብሪድ በጋራ ሊሠሩ ተስማምተው ነበር። በ2013 ጥናቱን ጨርሰው በየፊናቸው ሄዱ።

ቶዮታ በሚያዝያ 2019 ወደ 23,740 የሚጠጉ ፓተንቶቹን እስከ 2030 ማብቂያ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ። ያኔ የብዙዎቹ ተፎካካሪዎች ዓይን ወደ ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሮ ነበር፤ ቸርነቱ ዘግይቷል ብል አልተሳሳትኩም። የቶዮታን ሥርዓት ገጥሞ መኪና ለሚሠራ የባለሙያ ድጋፍም እሰጣለሁ ብሏል። እሱ ግን በክፍያ ነው።