የነዳጅ ጌጅ ሲሳሳት ብልሽቱን እንዴት መለየት ይቻላል?

የነዳጅ ጌጁ የሚዋሽ አሮጌ መኪና አሽከርካሪውን መንገድ ላይ ሊያስቀር ይችላል። ብዙዎች ፈጥነው ጌጁን ያስቀይራሉ፤ ብልሽቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ነው።

በታንኩ ውስጥ ከነዳጁ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ አለ። እንቅስቃሴው ወደ ጌጁ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መጠን ስለሚለውጥ ቀስቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ተንሳፋፊው ተበስቶ ነዳጅ ከገባበት ይሰምጣል፤ ታንኩ ቢሞላም ጌጁ ባዶ ያሳያል።

ፍተሻው ከቀላሉ ይጀምራል። የሙቀት ጌጁም አብሮ ከቆመ በቅድሚያ ፊውዙ ይታያል። ቀጥሎ በታንኩ በኩል ያለው የሽቦ መገጣጠሚያና የማሳው ሽቦ እንዳልዛጉ ይረጋገጣል።

በበርካታ አሮጌ ቶዮታዎች መገጣጠሚያው ተነቅሎ ቁልፉ ሲከፈት ቀስቱ ባዶ ላይ ይቆማል። ቁልፉ ተዘግቶ ከጌጁ የሚመጣው ሽቦ በ3.4 ዋት አምፖል አማካኝነት ከማሳው ጋር ይገናኛል፤ ቁልፉ ዳግም ሲከፈት ቀስቱ ወደ ሙሉ ከወጣ ጌጁና ሽቦው ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ የተንሳፋፊው ክፍል ነው። ካልወጣ ጌጁ ወይም ሽቦው ይመረመራል።

የነዳጅ ትነት በጥቂት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ታንኩን የመክፈት ሥራ ለባለሙያ ሊተው፣ ባትሪውም አስቀድሞ ሊነቀል ይገባል። እስኪጠገን ድረስ ታንኩን ሞልቶ የተጓዙትን ኪሎ ሜትር መመዝገብ ይበጃል።