ደስታው ለምን ቶሎ ይጠፋል?

አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ሒሳብ 92 አምጥታለች እንበል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና ፈገግ ልትል ስትል ፊቷ ይቀዘቅዛል። «ፈተናው ቀላል ነበር፤ ሁሉም ነው ያመጣው። የሚቀጥለውን ግን መውደቄ ነው።» እናት ቡና እየቀዳች «ምነው ልጄ፣ ደስ አይልሽም?» ትላለች። መልስ የለም፤ ልጅቷ ክፍሏ ገብታለች።

ድባቴ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናውቀው የሐዘኑን ወገን ነው። ልጁ በሩን ዘግቶ፣ ያለፈ ነገር እያመላለሰ፣ «ለምን እንዲህ ሆንኩ» ሲል ይውላል። እንዲህ ያለው ማብሰልሰል ሐዘንን እንደሚያራዝም አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ ለዓመታት አጥንታ አሳይታለች። የልጅቷ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የመጣው ደስታ ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አጠፋው።

ፌልድማን፣ ዮርማንና ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት መጠይቅ፣ ሰው ጥሩ ስሜት ሲሰማው ምን እንደሚያስብ ይጠይቃል። አንዳንዱ ስሜቱን ያጣጥማል። አንዳንዱ «ጎበዝ ነኝ» ይላል። ሌላው «አይዘልቅም»፣ «ለእኔ አይገባም»፣ «ዕድሌ ሊያበቃ ነው» እያለ፣ ሊገነፍል ባለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ እንደማድረግ ደስታውን ያበርደዋል። ይህ ማብረድ የሚበዛባቸው ሰዎች የድባቴ ምልክትም ይበዛባቸዋል። በቤልጅየም፣ ሉቨን፣ ፊሊፕ ራስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ደግሞ ማብረዱ ቆይቶ የሚታየውን የድባቴ ምልክት አስቀድሞ ጠቁሟል፤ ሰዎቹ ሲጀመር የነበራቸው ምልክት ከሒሳቡ ከወጣ በኋላም ቢሆን።

ጉዳዩ ግን ሐሳብ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ ፒትስበርግ፣ ኤሪካ ፎርብስና ባልደረቦቿ ድባቴ ያለባቸውን ልጆች የአንጎል መቅረጫ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ገንዘብ የሚያስገኝ የግምት ጨዋታ አጫወቷቸው። ከዚያ ውጭም በተለመደው ውሏቸው እየደወሉ «አሁን ምን ይሰማሃል?» ይሏቸው ነበር። ሽልማት ሲመጣ የሚነቃው የአንጎል ክፍል በእነዚህ ልጆች ደከም ብሎ ተገኘ፤ ይህ ክፍል ይበልጥ በደከመ መጠንም በስልክ የሚናገሩት ደስታ ያነሰ ነበር። ስለዚህ «ሆን ብላ ነው የምታኮርፈው» የሚለው ፍርድ ልክ አይደለም። ድባቴው ደስታውን ያሳንሰዋል፤ የሐሳብ ልማዱ ደግሞ የቀረውን ያበርደዋል።

የእኛም ቤት በዚህ ረገድ ንጹሕ አይደለም። «ዛሬ ብዙ ሳቅኩ፣ ምን ሊመጣብኝ ነው?» የማይል ማን አለ? 92 ይዛ ለመጣች ልጅ «ስምንቱስ የት ሄደ?» ወይም «አንደኛ የወጣው ማነው?» እንላለን። ጤነኛ ልጅ ስቆ ያልፈዋል። ድባቴ ያለባት ልጅ ግን ራሷ ስትለው የነበረውን በእናቷ ድምፅ ሰማች ማለት ነው።

«ተመስገን በይ፣ ምን ጎደለሽ!» ማለቱም አይረዳም። ለእኔ ይህም ሌላ ዓይነት ማብረድ ነው፤ ልጅቷ የጎደላትን እንዳትናገር ያደርጋታል። የተሻለው ዝርዝሩን መጠየቅ ነው፦ «የትኛው ጥያቄ አስቸገረሽ? እንዴት ፈታሽው?» ዝርዝር ሲነገር ስሜቱ ትንሽ ይቆያል፤ ማጣጣም ማለትም ይኸው ነው። በሥነ ልቦና ሕክምናም ወጣቶች ትንንሽ ደስ የሚሉ ሥራዎችን ቀን ቆርጠው እንዲሠሩ፣ ከሠሩ በኋላም የተሰማቸውን እንዲጽፉ ይደረጋል። ደስታው እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ሥራው ይቀድማል።

ይህ ሁሉ ግን ሕክምናን አይተካም። በወጣቶች ላይ ድባቴ በሐዘን ፈንታ በንዴትና በነጭናጫነት ሊታይ ይችላል፤ ብዙ ወላጅ «ጥጋብ ነው» ብሎ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ልጅዎ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ማለት ይቻላል ከፍቶት ወይም ተነጫንጮ ከዋለ፣ ይወደው የነበረውን ኳስ ወይም ጓደኛ ከተወ፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ስለ መሞት ካነሳ ግን ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ያድርሱት።