ከትልቁ ሞተር ብስክሌት ወደ ትንሹ

ከማንበባችሁ በፊት፦ ብዙ ጉልበት ያለው መሣሪያ ሁልጊዜ የተሻለ መሣሪያ ነው ትላላችሁን? ምክንያታችሁን በቃል ከተናገራችሁ በኋላ የሚከተለውን ገላጭ ጽሑፍ በጸጥታ አንብቡ።

ኩሌ በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ድንበር ተሻግረው ለመጡ ሰዎች በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ተቋቋመ። አገሩ ሜዳማ፣ አየሩም ሞቃት ነው። በበጋ አቧራ የሚቦንበት መንገድ ዝናብ ሲገባ ጭቃ ይሆናል፤ በተለይም ጥቁሩ መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ከጎማ ጋር እየተጣበቀ መንኮራኩሩን ይይዛል። እንዲህ ባለ ስፍራ ሕመምተኛን ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስም ሆነ ሸቀጥን ለማመላለስ ሞተር ብስክሌት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመገመት አያዳግትም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 በአገራችን የሚኖሩ ስደተኞች መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እንዲችሉ መብት ሰጥቷል። እንግዲህ በኩሌ የሚኖር አንድ ወጣት መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ዘመዶቹም ገንዘብ አዋጡለት እንበል። በፊቱ ሁለት ሞተር ብስክሌቶች ቆመዋል። አንደኛው ግዙፍና ድምፁ የሚያስገመግም ነው፤ ሁለተኛው ትንሽና ቀላል ነው። የትኛውን ይምረጥ? ብዙዎቻችን «ገንዘቡ ከበቃው ትልቁን» ለማለት እንቸኩላለን። ነገር ግን ምርጫው የወጣቱን ሕይወት የሚነካ ስለሆነ፣ መልስ ከመስጠታችን በፊት የመንዳት ሙያ ብቻውን ተለይቶ ወደሚታይበት ስፍራ በሐሳብ እንሂድ።

በልዩ ልዩ አገሮች ለእሽቅድምድም ተብለው የተሠሩ ዝግ ጎዳናዎች አሉ። በአህጉራችን በጆሃንስበርግና በፕሪቶሪያ መካከል የሚገኘው ክያላሚ አንዱ ነው፤ የዙሩ ርዝመት አራት ተኩል ኪሎ ሜትር ያህላል። እንዲህ ባሉ ሜዳዎች ውድድር በሌለባቸው በተወሰኑ ቀናት ተራው ነጂ ከፍሎ፣ የመከላከያ ልብስም ለብሶ የራሱን ሞተር ብስክሌት ሊነዳ ይችላል። በዚያ ቀን ዋንጫም ሽልማትም የለም፤ ዓላማው ሙያን ማሻሻል ነው። ከእነዚህ ነጂዎች መካከል በትልቅ ሞተር ለብዙ ጊዜ ከተለማመዱ በኋላ ትልቁን ሸጠው ትንሽ የሚገዙ አሉ። ነገሩን ላልመረመረ ሰው ይህ ከበቅሎ ወርዶ አህያ ላይ እንደ መቀመጥ ሊመስለው ይችላል። ምክንያቶቹ ግን የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው ምክንያት የጉልበት አጠቃቀም ነው። የሞተር ትልቅነት የሚለካው በሲሊንደሮቹ ይዘት ሲሆን መለኪያው ሲሲ ይባላል። ለእሽቅድምድም የተሠራ የ1000 ሲሲ ሞተር ብስክሌት 200 የፈረስ ጉልበት ያህል ሲኖረው ከ300 እስከ 400 ሲሲ ያለው በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት አለው። የትልቁን ሞተር ጉልበት በሙሉ ሊጠቀምበት የሚችለው እጅግ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ነጂ ነዳጅ መስጫውን ጥቂት ከከፈተ በኋላ ፈርቶ መልሶ ይዘጋዋል። የትንሹ ሞተር ነጂ ግን ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይሰጣል፤ ማርሹንም በየጊዜው እየቀያየረ ያለውን ጉልበት ሁሉ ሥራ ላይ ያውላል። የማይጠቀሙበት ጉልበት ተሸክመውት የሚዞሩት ጭነት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍሬን ጋር የተያያዘ ነው። የሚሮጥ አካል የሚይዘው ኃይል በክብደቱ ልክ ይጨምራል፤ በፍጥነቱ ግን በእጥፍ እጥፍ ያድጋል። ይኸውም ፍጥነት ሁለት ጊዜ ሲያድግ ኃይሉ አራት ጊዜ ያድጋል ማለት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ከያዘበት ቦታ በ6 ሜትር ርቀት የሚቆም ሞተር ብስክሌት፣ መንገዱና አያያዙ ሳይለወጥ፣ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 24 ሜትር፣ በ90 ደግሞ 54 ሜትር ያስፈልገዋል። ትልቁ ሞተር በቀጥታው ጎዳና ላይ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ስለሚደርስ ኩርባው ሲመጣ ነጂው ሐሳቡን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ለማዋል ይገደዳል። በዚህም የተነሣ ኩርባውን ለመማር ፋታ አያገኝም።

ሦስተኛው ምክንያት ኩርባው ራሱ ነው። ነጂ ሲዞር ወደ ውስጥ የሚጋደለው መጠን በፍጥነቱና በኩርባው ጥበት ይወሰናል። ለምሳሌ የመሀል ርቀቱ 50 ሜትር የሆነን ኩርባ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚዞር ሰው 40 ዲግሪ ያህል መጋደል ይኖርበታል። በዚህ ስሌት ውስጥ ክብደት አይገባም፤ የሞተሩ ጉልበትም አይገባም። ስለዚህ ጎማቸው ደህና እስከ ሆነ ድረስ ትንሹም ሞተር ኩርባውን እንደ ትልቁ በፍጥነት ሊዞር ይችላል፤ ቀላል በመሆኑም ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ለመገልበጥ አያስቸግርም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ግን ትንሹ ሞተር መምህር መሆኑ ነው። በትልቅ ሞተር የሚነዳ ሰው በኩርባው ላይ የሠራውን ስሕተት በቀጥታው ጎዳና ላይ ነዳጅ በመስጠት ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ መሳሳቱን ሳያውቅ ይቀራል። በትንሹ ሞተር በኩርባ ላይ የጠፋ ፍጥነት ቶሎ አይመለስምና ነጂው ጥፋቱን ወዲያው ይረዳዋል። ታላላቅ ተወዳዳሪዎችም ያደጉት በዚሁ መንገድ ነው። ጣሊያናዊው ቫለንቲኖ ሮሲ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮናነት እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኘው በ125 ሲሲ ሲሆን በ500 ሲሲ ያሸነፈው በ2001 ነበር። እስፓኛዊው ማርክ ማርኬዝም በ2010 በ125 ሲሲ አሸንፎ፣ በከፍተኛው ምድብ ሻምፒዮን ለመሆን የበቃው በ2013 ነው። ታዋቂው የጃፓን ኩባንያ ሆንዳ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1959 በማን ደሴት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ ያቀረበው የ125 ሲሲ ሞተር ነበር።

ይህን ስንል ትንሽ ሞተር ለሁሉ ነገር ይበጃል ማለታችን አይደለም። ከባድ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ለሚወጣ ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል። ደግሞም ትንሽ ሞተር አደጋ አያመጣም ብሎ የራስ ቁር ሳይደፉ መንዳት ታላቅ ስሕተት ነው፤ መሬት የሚወድቅባትን ራስ «በስንት ሲሲ መጣሽ?» ብላ አትጠይቅም።

አሁን ወደ ኩሌው ወጣት እንመለስ። የእርሱ መንገድ የእሽቅድምድም ሜዳ አይደለም፤ አቧራ፣ ጭቃ፣ ከብትና ሕፃናት ይገኙበታል። ነገር ግን ከሜዳው የተገኘው ትምህርት ለእርሱም ይሠራል። 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ብስክሌት መረሬ ውስጥ ቢወድቅ ብቻውን ለማንሣት ይቸገራል፤ ቀላሉን ግን ያነሣዋል። ትንሹ ነዳጅ ይቆጥብለታል፤ ጎማውም በርካሽ ይለወጥለታል። በዓለም ላይ ከማናቸውም ሞተር ብስክሌት ይልቅ በብዛት የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ ቁጥሩ ከ100 ሚሊዮን ያለፈው የሆንዳ ሱፐር ከብ በ1958 ሲጀመር 49 ሲሲ ብቻ እንደ ነበረ ማስታወስ ይጠቅማል።

እንግዲህ የመሣሪያ ትልቅነት የሰውን ችሎታ አይተካም። ከችሎታና ከሥራው ፍላጎት በላይ የሆነ ጉልበት መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው። ብልህ ሰው አስቀድሞ በትንሹ በሚገባ ይሠለጥናል፤ ትልቁ የሚያስፈልገው ቀን ሲመጣ ለመያዝ የሚችል እጅ ይኖረዋል።

መልመጃ

1. ነጂዎች ትልቁን ሞተር በትንሹ የሚለውጡባቸውን ምክንያቶች በቅደም ተከተል በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ።
2. ጸሐፊው ከኩሌ ወደ እሽቅድምድም ሜዳ፣ ከሜዳውም ወደ ኩሌ የተሸጋገረባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ አሳዩ።
3. «ይኸውም»፣ «በዚህም የተነሣ»፣ «ደግሞም» የሚሉት አያያዦች በምንባቡ ውስጥ ምን ከምን ጋር እንዳያያዙ ግለጹ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
4. በአካባቢያችሁ ከሚሠራበት መሣሪያ አንዱን መርጣችሁ፣ ትልቁና ትንሹ ለምን ለምን ሥራ እንደሚስማሙ የሚያስረዳ የሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።