መላላት ያቃተው ጡንቻ

በካርቱሙ ዴም ሰፈር ከጦርነቱ በፊት ሻይና ቡና የሚሸጡ ሐበሾች ቀናቸውን የሚገፉት ባንበር በሚሏት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ነበር። ከፊት የከሰል ምድጃው፣ ከጎን ጀበናውና የስኳር ቆርቆሮው፣ ከላይ 40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት። ሻይ ሻጯ ዕቃ የሚጠብቅላት ሰው ካላገኘች ለሽንት መነሣት የለም። ብትነሣስ የት ትሄዳለች? ውኃ ትቀንሳለች፤ ሽንቷን ትይዛለች። ከእንብርት በታች የሚያቃጥል፣ ፊኛ ሲሞላ የሚብስ፣ ሸንተው ሲነሡ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ጋብ የሚል ሕመም ይዛ ፋርማሲ ስትደርስ መልሱ ካርቱምም ይሁን አዲስ አበባ፣ ጎንደርም ይሁን መተማ ያው ነው። አንዱ ብርድ ነው ይላታል፣ ሌላው ኩላሊት። ከዚያ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ትገዛለች። ሳምንት ቆይቶ ሕመሙ ይመለሳል፤ እሷም ሌላ ሲፕሮ ትገዛለች።

ሽንት ማቃጠል አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽን ነው፤ ኢንፌክሽን ከሆነ በመድኃኒት ይድናል። እዚህ የምናወራው ግን ሽንቷ ተመርምሮ፣ ከልቸር ተሠርቶ ምንም ተሕዋስ ስላልተገኘባት ሴት ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ከስድስት ሳምንት በላይ ከቆየና ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት በሕክምናው የፊኛ ሕመም ሲንድረም ይባላል። አሜሪካዊው ሐኪም ጋይ ሃነር እ.ኤ.አ. በ1915 በአንዳንድ ሕመምተኞች ፊኛ ላይ ቁስል አግኝቶ ጽፏል (ከዚህ በታችም ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኞቹ ሕመምተኞች ግን ቁስሉ የለባቸውም። ላብራቶሪው ንጹሕ፣ አልትራሳውንዱ ንጹሕ ይሆንና ሴትዮዋ «ጭንቀት ነው» ተብላ ትሸኛለች። ጭንቀቱማ መቼ ጠፋ! ሌሊት አምስትና ስድስት ጊዜ የሚነሣ ሰው አይጨነቅ ማለት ይከብዳል።

ብዙ ጊዜ የማይመረመረው ከፊኛው ሥር ያለው ጡንቻ ነው። ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ኋላው ጭራ አጥንት ተዘርግቶ ፊኛን፣ ማኅፀንንና ፊንጢጣን ከሥር የሚደግፍ፣ የዳሌ ወለል የሚባል የጡንቻ ንጣፍ አለ። ሽንት ስንይዝ ይጠብቃል፣ ስንሸና ይላላል። ሕመም ሲኖር ደግሞ አካባቢውን ለመከላከል ሳናዝዘው ይኮማተራል። መኮማተሩ ሲቆይ ራሱ ያማል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስመጣል፣ ወደ ብሽሽትና ወደ ወገብም ይሠራጫል። ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም። የሠለጠነች ፊዚዮቴራፒስት ጓንት አጥልቃ፣ ሴትዮዋን አስፈቅዳ፣ በአንድ ጣት ከብልት ውስጥ የጡንቻውን ግራና ቀኝ ቀስ ብላ ትጫነዋለች። ጤነኛው ጡንቻ ሲነካ ግፊት ብቻ ይሰማል። የታመመው ግን እንደ ገመድ የከረረ ቦታ ይኖረዋል፤ እሱ ሲነካ ሴትዮዋ «እሱ ነው! ፊኛዬን የሚያመኝ እሱ ነው» ትላለች። ሕክምናው እዚያው ቦታ ላይ ይጀምራል፦ ግፊቱን ይዞ መቆየት፣ ሆድ እስኪነፋ በዝግታ መተንፈስ፣ ጡንቻው በጣቱ ሥር ሲለቅ መጠበቅ። የሆድ፣ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎችም አብረው ይታሻሉ።

በ2012 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት 81 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ይህንኑ ፈትኗል። ለአንዱ ወገን የሙሉ ሰውነት ማሳጅ፣ ለሌላው የዳሌ ወለል ጡንቻን የማፍታታት ሕክምና ተሰጠ። ደህና መሻሻል አየን ያሉት ከማሳጁ ወገን 26 በመቶ፣ ከሌላው 59 በመቶ ነበሩ። ከመቶ አርባ ያህሉን ስላልረዳ ፈውስ ነው ብሎ መለፈፍ አይገባም። ቢሆንም ለዚህ ሕመም ከሚታዘዙት ክኒኖች ብዙዎቹ ይህን ያህል ውጤት አላሳዩም።

ችግሩ የሚጀምረው «የዳሌ ወለል ስፖርት» ሲባል ሁሉም ሰው አንድ ነገር ብቻ ስለሚያስብ ነው፤ ጨብጦ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መጨበጥ። አርኖልድ ኬግል የተባለው አሜሪካዊ የማኅፀን ሐኪም በ1948 ያስተዋወቀው ይህ ልምምድ ከወሊድ በኋላ ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች ይጠቅማል። ጡንቻዋ አስቀድሞ የከረረባት ሴት ግን ስትጨብጠው ይብስባታል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያም ጡንቻቸው ሲነካ ለሚያማቸው የፊኛ ሕመምተኞች የእጅ ሕክምና ይሰጥ፣ የማጠንከሪያው ስፖርት ግን ይቅር ይላል። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዘዋወረው ምክር ይህን ልዩነት ሲናገር አልሰማሁም።

በእኛ አገር ማጠንከሩ መቅደሙ አያስወቅስም። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲገቡ የጠበቋቸው ቀናት በፈጀ ምጥ ሕፃናቸውን አጥተው፣ ፊስቱላ በሚባለው ቀዳዳ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስባቸው ሴቶች ነበሩ። በ1974 የተከፈተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒን ከቀዶ ሕክምናው ጎን ያዘ፤ አንዳንዶቹ ለወራት ተኝተው እግራቸው ታጥፎ የቀረ፣ ወይም ነርቫቸው ተጎድቶ መራመድ ያቃታቸው ስለነበሩ። ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ። በሆስፒታሉ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር አንድሩ ብራውኒንግ በ2004 ይህን ለመከላከል የሴቲቱን የራሷን ጡንቻ እንደ መወጠሪያ የሚጠቀም ቀዶ ሕክምና ይዘው ቀርበዋል። ጡንቻው በተቀደደበትና በላላበት አገር ሐኪም ሁሉ ስለ ማጠንከር ቢያስብ ተገቢ ነው። ሽንት የማያመልጣት፣ ግን የሚያማት ሴት በዚያ ሐሳብ ውስጥ ቦታ አላገኘችም።

በካርቱም ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የሱዳን ሴቶች ብዙ ዘመን የኖሩበት የፈርዖን ግርዛት ብልትን ቆርጦ ጠርዙን ይሰፋል፤ የሽንት ቀዳዳው በጠባሳ ይሸፈናል። ሽንት በጠብታ ይወርዳል፣ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ የተወሰነው ከጠባሳው ኋላ ይቀራል፣ ኢንፌክሽን ይመላለሳል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ እንደገና መስፋት አለ። በ2014 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሱዳናውያት 87 በመቶ ያህሉ ተገርዘዋል። እንግሊዞች በ1946 የፈርዖኑን ግርዛት በሕግ ሲከለክሉ እናቶች ሕጉ ሳይደርስ ሴት ልጆቻቸውን ለማስገረዝ ተሽቀዳደሙ። ሩፋዓ ከተማ ውስጥ አንዲት እናት በመታሰሯ ሱዳናዊው ፖለቲከኛ ማሕሙድ መሐመድ ጣሃ ሕዝቡን ይዘው ተነሡ፤ ቅሬታቸው ግርዛቱን ለመደገፍ ሳይሆን ባዕድ ገዢ በእስር ሊያስቆመው በመሞከሩ ነበር። እስከ ሦስት ዓመት የሚያሳስረው የአሁኑ ሕግ የጸደቀው በ2020 ነው። በመካከሉ፣ በየካቲት 1979 የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ጉዳዩ በይፋ የተነጋገረበትን ስብሰባ ካርቱም ላይ አካሄደ። ከአምስት ዓመት በኋላ ዳካር ላይ የተመሠረተው፣ ግርዛትን የሚታገለው የአፍሪካ ኮሚቴ ጽሕፈት ቤቱን ያደረገው አዲስ አበባ ነው፤ ለረጅም ዓመታት የመሩትም ኢትዮጵያዊቷ ወይዘሮ ብርሃኔ ራስ ወርቅ ነበሩ።

ያ ሁሉ ትግል ያተኮረው በነገዎቹ ልጃገረዶች ላይ ነበር፤ ልክም ነው። አስቀድሞ የተሰፉት ግን ዛሬም ይሸናሉ። በ2016 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ኢንፌክሽን ለሚመላለስባቸውና ሽንት ለሚታገድባቸው ጠባሳውን መክፈትን ይመክራል። ሲከፈት የሽንቱ መንገድ ይስተካከላል። በስድስት ዓመቷ ሽንት ማለት ሥቃይ መሆኑን የተማረች ሴት ጡንቻ ግን በአንድ ቀን አይላላም። እኔ እንደማምነው ከመክፈቻው በኋላ ለዚያ ጡንቻ የሚደረገው ሥራ የሕክምናው ሁለተኛ ግማሽ ነው።

በካርቱም ትምህርት ሆስፒታል በዶክተር አቦ ሐሰን አቦ ስም የሚጠራ የፊስቱላ ማዕከል ከየክፍለ አገሩ የሚመጡ ሴቶችን ያክም ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በከተማዋ ጦርነት ሲነሣ የመሐል ካርቱም ሆስፒታሎች ተኩስ መካከል ወደቁ፣ ይህም ሆስፒታል አገልግሎት አቋረጠ። ከዴም የተነሡት ሐበሾች ብዙዎቹ በገላባት በኩል መተማ ገቡ። ከዚያ በቅርብ የሚገኘው ትልቅ ሆስፒታል የጎንደሩ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ ብዙ ሰው ግን ፊዚዮቴራፒን የሚያውቀው ለወገብና ለስብራት ነው።

እዚያ የደረሰች ሴት ለሐኪሙ የምትሰጠው አንድ ወረቀት ከብዙ ክርክር ያድናታል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ምን ያህል ጠጣች፣ በስንት ሰዓት ሸናች፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ስንት መጠጫ ኩባያ፣ ሕመሙ ከመሽናት በፊት ነው ወይስ በኋላ። ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ትችላለች፦ «ከልቸሩ ንጹሕ ከሆነ አንቲባዮቲኩ ለምንድን ነው?» እና «ጡንቻዬን የሚያይልኝ ሰው አለ?» ሽንቷ ውስጥ ደም ካየች፣ ትኩሳት ካላት ወይም ሽንቷ ጨርሶ ከታገደ ግን ስለ ጡንቻ ከማውራቷ በፊት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።