ስለ እንስሳት ሐኪሞች የትምህርት ዕዳ፤ በአሜሪካም ስለሚደረግለት ምሕረት

ከብቱ የታመመበት ሰው ሐኪም ሲያስጠራ፤ ሐኪሙ በምን ገንዘብ ተምሮ እንደ መጣ አይጠይቅም። ነገር ግን ሐኪሙ በገጠር ተቀምጦ ላምና በግ እንዲያክም ወይም በከተማ ውሻና ድመት ሲያክም እንዲኖር ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የትምህርት ገንዘብ ነው። በአሜሪካ የተባበሩ መንግሥታት ይህ ነገር ከብዙ ዓመት ጀምሮ መንግሥትን ሲያሳስብ ስለ ኖረ፤ በዚያ የተሠራውን፤ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፤ ከብት የበዛበትን አገር ለሚያስተዳድር ሹም ማስታወቅ ይገባል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ለየስቴቱ (ስቴት ማለት እንደ ጠቅላይ ግዛት ያለ ነው) መሬት ሰጥቶ የእርሻና የእጅ ጥበብ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ ባደረገ ጊዜ፤ ሐሳቡ የገበሬና የሠራተኛ ልጅ እንዲማር ነበር። የመጀመሪያውም የመንግሥት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1879 በአይዋ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ግን ስቴቶች የሚሰጡት ርዳታ ከወጪው ጋራ አልተካከለምና፤ የጐደለው በተማሪው ላይ ወደቀ። በዛሬው ጊዜ ተበድረው የተማሩት ሐኪሞች ሲመረቁ በአማካይ ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ይዘው ይወጣሉ፤ ከ300 ሺህ የሚያልፍበትም አለ። የእንስሳት ሐኪም ገቢ ደግሞ የሰው ሐኪም ገቢን ያኽል አይደለም፤ በገጠርም ከብት የሚያክመው በከተማ ካለው ጓደኛው የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሐኪም ልቡ ወደ ትውልድ አገሩ ቢሳብም እንኳ፤ የዕዳው ወለድ ወደ ከተማ ይጐትተዋል።

ለዚህ ነገር የተበጀው መድኃኒት በዚያ አገር ቋንቋ የዕዳ ምሕረት ይባላል። ቃሉ ግን ሰሚውን ሊያሳስት ይችላል። በኦሪት ሕግ ሰባተኛው ዓመት ሲደርስ ባለገንዘብ ዕዳውን ይተው ነበር፤ ዓመቱ ከደረሰ ባለዕዳው ሌላ ነገር አይጠየቅም ነበር። የአሜሪካው ግን ምሕረት ከመባል ይልቅ ደመወዝ ቢባል ይሻላል፤ በታወቀ ስፍራ፤ ለታወቀ ዘመን፤ የታወቀ ሥራ ለሠራ ሰው ብቻ ይከፈላልና።

ለከብት አገር እጅግ የሚጠቅመው በ2003 በወጣው ሕግ የተመሠረተውና የእርሻ ሚኒስቴር የሚያካሂደው የእንስሳት ሐኪሞች ብድር መክፈያ ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ ገንዘቡና ደንቡ እስኪሰናዳ ብዙ ዘግይቶ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሐኪሞች የተሰጠው በ2010 ነው። ሐኪሙ ሐኪም በጐደለበት ስፍራ ሦስት ዓመት ሊያገለግል ይዋዋላል፤ መንግሥትም በመጀመሪያው ደንብ በየዓመቱ እስከ 25 ሺህ ዶላር፤ በሦስቱ ዓመት እስከ 75 ሺህ ዶላር ድረስ ለአበዳሪው ይከፍልለታል። ውሉን አፍርሶ የሚሄድ ሐኪም ገንዘቡን ከከባድ መቀጫ ጋራ ይመልሳል።

ይህ ገንዘብ ብዙ ቢመስልም ከወለዱ ጋራ መመዛዘን አለበት። ለምሳሌ አንድ ሐኪም 200 ሺህ ዶላር ዕዳ አለበት፤ ወለዱም በዓመት ከመቶ 7 ነው እንበል። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 14 ሺህ ዶላር ይሆናል። መንግሥት በየዓመቱ መጨረሻ 25 ሺህ ቢከፍልለት፤ ሐኪሙ ከኪሱ ምንም ካልጨመረ፤ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ገና ወደ 165 ሺህ ዶላር ይቀርበታል። 75 ሺህ ዶላር ወጥቶ ዕዳው የቀነሰው 35 ሺህ ያኽል ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ሐኪሙ ደንበኛ አግኝቶ፤ ቤቱን አደላድሎ፤ ከባለከብቶቹ ጋራ ካልተላመደ፤ ውሉ ሲያልቅ እንደገና ወደ ከተማ ይመለከታል። ሌላም ጕድለት አለበት፤ የተከፈለለት ገንዘብ እንደ ገቢ ተቈጥሮ ግብር ይጠየቅበታል። ግብሩ ሐኪሙን እንዳይጐዳ ሚኒስቴሩ ለብዙ ዓመታት ከክፍያው ከመቶ 39 የሚሆን ገንዘብ እየጨመረ ለግብር መሥሪያ ቤት ሲከፍልለት ኖሮአል። መንግሥት በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላ እጁ ሲቀበል፤ በመካከል የሚረዱት ሐኪሞች ቍጥር ያንሳል። ይህን ግብር የሚያስቀር ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤታቸው ከአንድ ጊዜ በላይ ቀርቦአል።

ለሹማምንት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ክፍል የስፍራው አመራረጥ ነው። ሐኪም የጐደለበትን ስፍራ የሚመርጠው ዋናው ሚኒስቴር በገዛ ግምቱ አይደለም፤ በየስቴቱ የእንስሳት ጤና ሹም የሆነው ሰው አስቀድሞ ጽፎ ያቀርባል። የሚቀርበውም ስፍራ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ሐኪሙ ከሥራ ጊዜው ቢያንስ ከመቶ 80 የሚሆነውን ለሥጋና ለወተት የሚረቡ እንስሳትን በማከም የሚያሳልፍበት ነው። ሁለተኛው በገጠር ሆኖ ቢያንስ ከመቶ 30 ለእነዚሁ የሚሠራበት ነው፤ ይህም የከብቱ ሥራ ብቻውን ሐኪሙን በማያኖርበት አገር፤ የቀረውን ጊዜ ፈረስም ውሻም እያከመ እንዲኖር የታሰበ ነው። ሦስተኛው የመንግሥት ሥራ ነው፤ እንደ በሽታ ምርመራና እንደ ጤና ቍጥጥር ያለ። እያንዳንዱ ስቴት የሚያቀርበው የስፍራ ቍጥር የተወሰነ ስለሆነ፤ ሹሙ የትኛው ስፍራ እንደሚብስ ማወቅ አለበት። ምን ያኽል ከብት እንዳለ፤ የቅርቡ ሐኪም በስንት ሰዓት መንገድ እንደሚገኝ፤ በሽታ ቢነሣ ማን አይቶ እንደሚያመለክት ያልቈጠረ ሹም፤ ስፍራው የተቸገረ ቢሆንም እንኳ ችግሩን ማስረዳት አይችልም። በ2025 ሐኪም የጐደለባቸው ተብለው የተጻፉት ስፍራዎች ከ200 በላይ ነበሩ።

የካንሳስ ስቴት ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። በ2006 ባወጣው ሕግ ተማሪው ገና ትምህርቱን ሲጀምር ተመርጦ፤ በዓመት እስከ 20 ሺህ ዶላር፤ በአራቱ ዓመት እስከ 80 ሺህ ዶላር ይሰጠው ጀመር። ሲመረቅም ገንዘብ ለተቀበለበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዓመት በገጠር ያገለግላል። በመጀመሪያው ሕግ የሚያገለግልበት ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ ነው) ሕዝቡ ከ35 ሺህ ያነሰ መሆን ነበረበት። ካላገለገለ ገንዘቡን ከነወለዱ ይመልሳል። ይህ ሥርዐት ከፊተኛው የሚሻልበት ነገር አለው፤ ዕዳው ከበዛ በኋላ ከመክፈል ይልቅ፤ ወለድ ሳይወልድ በፊት ያስቀረዋልና። በዕረፍት ወራትም ተማሪዎቹ ስለ ገጠር ሥራና ከውጭ አገር ሊገባ ስለሚችል የከብት በሽታ ልዩ ትምህርት ይማራሉ።

በ2007 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ለማይሠራ ማኅበር የሚሠራ ሰው፤ ከወር ገቢው በተመጠነ ልክ 120 ጊዜ፤ ማለት አሥር ዓመት ያኽል፤ ከከፈለ የቀረውን ዕዳ ይተውለታል፤ ግብርም አይጠይቅበትም። በቄራ ሥጋ የሚመረምር የመንግሥት ሐኪም ከዚህ ይጠቀማል፤ በግሉ እየዞረ ላም የሚያዋልደው ግን፤ ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ባያንስም፤ አይገባበትም። አሥሩ ዓመት በሞላበት በ2017 ብዙ ሰዎች ምሕረቱን ጠይቀው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ከመቶ 99 የሚያኽሉት ተመለሱ። ከምክንያቶቹ ዋናዎቹ ብድራቸው ወይም አከፋፈላቸው ሕጉ ከሚለው ዐይነት አለመሆኑ ነበር፤ ይህንንም አስቀድሞ በግልጽ የነገራቸው አልነበረም። ከ2021 ጀምሮ ደንቡ ለጊዜው ስለ ላላ ብዙዎቹ ምሕረቱን አግኝተዋል።

በግሉ ለሚሠራው ሐኪም የቀረለት ከገቢው እየተመጠነ 20 ወይም 25 ዓመት መክፈል ነበር። ክፍያው ከወለዱ ካነሰ ዕዳው እያደገ ሄዶ በመጨረሻ ይተውለታል፤ የተተወው ግን እንደዚያ ዓመት ገቢ ተቈጥሮ ግብር ይመጣበታል። ከ2021 እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ብቻ ይህ ግብር ተነሥቶ ነበር። በጁላይ 2025 የወጣው አዲስ ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር የሙያ ተማሪ ከመንግሥት በዓመት ከ50 ሺህ፤ በጠቅላላውም ከ200 ሺህ ዶላር በላይ እንዳይበደር ወሰነ፤ ለአዲሶቹ ተበዳሪዎች ከገቢ የሚመጠነውንም ክፍያ እስከ 30 ዓመት አራዘመው። ወሰኑ የትምህርት ቤቶቹን ዋጋ ያወርዳል የሚሉ አሉ። ዋጋው ካልወረደ ግን የጐደለውን ተማሪው ከባንክ ይበደራል፤ የባንክም ብድር በ2007 በወጣው ሕግም ሆነ ከገቢ በሚመጠነው አከፋፈል አይተውም።